የጣና ዓሣና የሐኪም ልብ

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ከጎን ባለው አዳራሽ ስለ ድብርት ሕክምና ስልጠና አለ። ስልጠናው ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ምሳው ሁለት ሰዓት። የዓሣ ጥብስ፣ የዓሣ ጎላሽ፣ የዓሣ ኮተሌት። ጋባዡ መድኃኒት አስመጪ ነው፤ እግዜር ይስጠው።

ሐኪሞቻችንን አድንቄ አልጠግብም። ዓሣው በአፋቸው ይገባል እንጂ እስክሪብቷቸው ጋ አይደርስም። «እኔን ምሳ ይቀይረኛል?» ይላሉ። አይቀይራቸውም! ደካሞቹ አሜሪካኖቹ ናቸው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 በወጣ ጥናት፣ በአማካይ 20 ዶላር እንኳ የማይሞላ አንድ ግብዣ የበሉ ሐኪሞች የጋባዡን መድኃኒት ካልበሉት አብልጠው ያዝዙ ነበር። ከተጠኑት አራት መድኃኒቶች አንዱ ዴስቬንላፋክሲን ነው፣ የድብርት። ጥናቱ ምክንያቱ ምሳው ነው ብሎ አልማለም። እኔም አልምልም። ብቻ እኛ ጋ አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ እነሱ ጋ አንዱም ያፋቅራል መሰለኝ። የጣናን ዓሣ ቢቀምሱማ ምን ሊውጣቸው ነበር?

ገመና መሸፈንም አያውቁም። በፈረንጆቹ 2010 ሕግ አወጡ። ከ2014 ጀምሮ የትኛው ኩባንያ ለየትኛው ሐኪም ስንት እንዳወጣ ማንም ኢንተርኔት ከፍቶ ያያል። የሰው ምሳ አደባባይ ላይ! እኛ ወንጌሉን እናከብራለን፤ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ። የመድኃኒት ኩባንያውን ኢላይ ሊሊንም በ2009 1.4 ቢሊዮን ዶላር አስከፍለውታል። ጥፋቱ? ዚፕሬክሳ የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ላልተፈቀደለት ነገር፣ ለመርሳት ችግር ላለባቸው አረጋውያን ጭምር፣ ማስተዋወቁ። ምስኪን፣ ሽማግሌ ልጡር ቢል።

አምና አክስቴን እንቅልፍ እምቢ ብሏት፣ ሆድ ብሷት፣ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የግድግዳው ሰዓት ላይ አንድ የመድኃኒት ስም አለ። ሶፍቱ ካርቶን ላይም እሱው። እስክሪብቶው ላይም። ማዘዣው ላይ ያው ስም ሲወጣ እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው አልኩ። ከጊዮርጊስ እስከ ፓፒረስ በባጃጅ ዞርን። አንዱ ፋርማሲስት፣ «እማማ፣ ይኸው መድኃኒት በሌላ ስም አለ፤ ዋጋው ግማሽ ነው» አላት። አክስቴ ተቆጣች። «ዶክተሩ በእጁ የጻፈልኝን ትቼ? አንተ ማን ነህ?» የሁለት ወሩን ብር ለአንድ ወር ከፍላ ገዛች። እምነት ማለት ይሄ ነው።

ወደ ሆቴሉ ልመለስ። እኛ ጋ ምንም አይመዘገብም ያልኩ ከመሰላችሁ ስህተት ነው፤ ሐሜት እንዳይሆንብኝ። ሎሚ ቀለም ሸሚዝ የለበሰው የአስመጪው ልጅ በየጠረጴዛው እየዞረ አቴንዳንስ አስፈርሟል። ስም፣ የሚሠሩበት ቦታ፣ ስልክ፣ ፊርማ። ወረቀቱን አጣጥፎ ቦርሳው ከተተ። የፈረሙበትን እስክሪብቶ ግን የመለሰለት የለም።