ቅድሚያ የሚወሰነው አደባባዩ ጋ ከመድረስ በፊት ነው

ጅማ ውስጥ ሁለት ባጃጆች አደባባይ ላይ ተነካክተው ሲቆሙ የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ማን ቀደመ?» አንዱ ጎማው የቆመበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል፣ ሌላው የተሰነጠቀ ፍሬቻውን። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ክላክስ ይነፋል። ይህን አይተው «አደባባዩ ይፍረስና መብራት ይተከል» የሚሉ አሉ። እኔ ግን የተበላሸው ጥያቄው ነው ባይ ነኝ። ከተነካኩ በኋላ ማን እንደቀደመ መጠየቅ ሁለት ተከራካሪ እንጂ መልስ አያመጣም።

በዚህ ነገር ከእኛ በፊት አጥብቀው ያሰቡ ሰዎች የባለሸራ ጀልባ ተወዳዳሪዎች ናቸው። ከባሕር ርቀን ለምንኖር ነገሩ እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ጀልባዎቹ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ምልክት ይዞራሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም ምልክቱን በግራቸው እየተዉ፣ ልክ እኛ አደባባዩን በግራችን አድርገን እንደምንዞረው። ፍሬን ደግሞ የላቸውም።

ሕጋቸው በምልክቱ ዙሪያ የጀልባ ርዝመት ሦስት እጥፍ የሆነ ክልል ያበጃል። እስከ 2009 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሁለት እጥፍ ነበር። ከጀልባዎቹ የመጀመሪያዋ ክልሉን በነካችበት ቅጽበት ጉዳዩ ይቆረጣል። በዚያች ቅጽበት ጎን ለጎን ከነበሩ፣ በውጪ ያለችው ለምልክቱ ለቀረበችው መዞሪያ ቦታ ትሰጣለች። አንዷ ሙሉ በሙሉ ከኋላ ከነበረች፣ የኋለኛዋ ለፊተኛዋ ቦታ ትሰጣለች። መለኪያው በፊተኛዋ የኋላ ጫፍ ላይ በአግድም የሚታሰብ መስመር ነው፤ የኋለኛዋ አፍንጫ ያንን መስመር አልፏል ወይስ አላለፈም? ክልሉ ውስጥ ከተገባ በኋላ አፍንጫን ማሾለክ መብት አያመጣም። በጊዜው መድረሷ በቂ ጥርጣሬ ካስነሳ ደግሞ እንዳልደረሰች ይቆጠራል። ከሕጉ ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ግማሹን ክርክር ከመነሻው ይገድለዋል።

ይህ ባይኖር ምን ይፈጠር ነበር? ጎበዝ መሪ ምልክቱን ሲዞር ሰፋ አድርጎ ገብቶ ጠበብ አድርጎ ይወጣል፣ ፍጥነቱ እንዳይሞት። ሰፋ ሲያደርግ በጀልባውና በምልክቱ መካከል ክፍተት ይታያል። ከኋላ ያለው «ተከፈተልኝ» ብሎ ይገባል፤ ፊተኛው መዞሩን ሲጨርስ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ከዚያ መላተም ነው። የእኛም ባጃጅ መኪና ሰፋ አድርጎ ሲዞር ባየ ቁጥር በውስጥ በኩል የሚሾልከው በዚሁ ሂሳብ ነው።

ምልክቱ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። በተቃራኒ ጎን ነፋስ ይዘው ለሚመጡ ጀልባዎች የክልሉ ሕግ አይሠራም፤ ነፋስ በግራ ጎኗ የሚመታት በቀኝ ጎኗ ለሚመታት ትለቃለች። የተለመደው ጥፋት፣ የግራዋ በቀኞቹ ሰልፍ መሃል ቀዳዳ አይታ ክልሉ ውስጥ ትታጠፍና የቀኟ ግጭት ለመሸሽ ወደ ነፋሱ ከልክ በላይ እንድትዞር ታስገድዳታለች። ቅጣቱ ሁለት ጊዜ በራስ ዙሪያ መዞር ነው። ምልክቱን ብቻ የነካች አንድ ጊዜ ትዞራለች። ቅድሚያ ያላትም ብትሆን መላተምን ማስቀረት እየቻለች ካላስቀረች፣ ጉዳትም ከደረሰ፣ እሷም ትጠየቃለች።

ይህን ወደ ጅማ እናምጣው። ባጃጅ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው፤ ሦስት እጥፉ ስምንት ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ ስምንት ሜትርን በአንድ ሴኮንድ ይጨርሰዋል፤ ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ አለቀ ማለት ነው። በክረምት ርጥብ አስፋልት ላይማ አይወራ። ሌዘር የምትባለዋ ትንሽ የኦሊምፒክ ጀልባ 4.2 ሜትር ናት፤ በሰዓት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ስትሄድ የሦስት እጥፉን ክልል ለማቋረጥ አምስት ሴኮንድ ይፈጅባታል። እንግዲህ መቅዳት ያለብን ርቀቱን ሳይሆን ሴኮንዱን ነው። ፍጥነትን በሰዓት ወደ 15 ኪሎ ሜትር አውርዶ ከ20 ሜትር ላይ ወደ ግራ ማየት፤ ይህም ያንኑ አምስት ሴኮንድ ያህል ይሰጣል። እዚያ ላይ አደባባዩ ውስጥ እየዞረ ያለ ካለ መንገዱ የእሱ ነው፤ ቀጥሎ መሽቀዳደም የለም። ማዘጋጃ ቤቱ በየመግቢያው 20 ሜትር ላይ አንድ ነጭ መስመር ቢያስቀባ፣ ከመብራት እጅግ ያነሰ ወጪ ነው፤ ትራፊክም «መስመሩ ላይ ስትደርስ ማን ውስጥ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ነገር ያገኛል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጀልባውን መከተል ያሳስታል። ውሃ ላይ በውስጥ ያለችው ትከበራለች፤ አደባባይ ላይ ከውስጠኛው ረድፍ ተነስቶ በውጪው ፊት አቋርጦ የሚወጣ ጥፋተኛ ነው። ፍሬቻ አሳይቶ ቀድሞ ወደ ውጪ መጠጋት አለበት፣ ካልቻለም አንድ ዙር ይጨምር፤ ቤንዚኑ አይጎዳውም።

ጥፋቷን አምና ቅጣቷን የምትወስድ ጀልባ ደግሞ መጀመሪያ ከሌሎቹ ፈቀቅ ትላለች፤ ከዚያ ነው የምትዞረው። የእኛዎቹ ባጃጆች ስለ አንድ ፍሬቻ ሲከራከሩ እዚያው አደባባዩ መሃል ነው፣ ሞተር አጥፍተው፣ ተሳፋሪውም ዳኛ ሆኖ።