ዩኒፎርሙን ሳይሆን መደርደሪያውን ጠብቁ

እናንተ ባለሱቆች፣ እናንተም ወላጆች፣ ስሙን። ተማሪ ሲለቀቅ ሱቁ ይጨናነቃል፤ ያኔ ዓይናችሁ የሚሮጠው ጫማው ወዳለቀበት ልጅ ነው። እሱን ስትከተሉ አምሮ የለበሰው ጓደኛው ከጀርባችሁ ማስቲካውን እጅጌው ውስጥ ይሸጉጣል። የድሃው ልጅ ሲያነሳ "ሌባ"፣ የባለጸጋው ሲያነሳ "የልጅ ነገር" ያለው ማነው? እናንተው ናችሁ።

የጎደለ ሁሉ አልተሰረቀም። ከአከፋፋይ ሳትቆጥሩ የተረከባችሁት ካርቶን አለ፤ ተሰብሮ ሳይመዘገብ የተጣለ፣ በስህተት የተመታ ዋጋ፣ የራሳችሁ ሠራተኛ እጅም አለ። በዓመት አንዴ የሚቆጥር ሰው የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? ቶሎ ቶሎ የሚጎድሉትን አምስት ስድስት ዓይነት ዕቃዎች ለዩና ተማሪ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ቁጠሩ፤ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ጉዳቱን ማቃለላችን አይደለም። በ95 ተገዝቶ በ100 ከሚሸጥ ዕቃ አንድ ከጠፋ፣ ኪሳራውን ለመሸፈን 19 መሸጥ ያስፈልጋል።

እስክሪብቶ፣ ባትሪ፣ ማስቲካ ከበሩ አርቁና ሒሳብ መቀበያው ፊት ለፊት አድርጉ። መካከል ላይ ያለው መደርደሪያ ከትከሻችሁ አይብለጥ። የሚገባውን ሁሉ ቀና ብላችሁ ሰላም በሉ፤ ሊሰርቅ ያሰበ መታየትን ይጠላል። ቦርሳ በር ላይ ይቀመጥ ካላችሁ የአዋቂውም ይቀመጥ፣ ቁጥር ያለው ካርድም ስጡ። አለዚያ የልጁ ቦርሳ ይጠፋና ተከሳሾቹ እናንተ ትሆናላችሁ።

ሲያነሳ፣ ሲደብቅ፣ ሳይከፍል ሲያልፍ፤ ሦስቱንም ካላያችሁ አትናገሩ። መሃል ላይ ለአፍታ ከዓይናችሁ ከተሰወረ፣ ዕቃውን መልሶት ሊሆን ይችላል። ካያችሁ "ያልተከፈለ ሒሳብ አለ" ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ጥሩት፤ ወላጁንም አስጠሩ። ኪሱን አትዳብሱ፣ አትምቱት፣ ፎቶውን ግድግዳ ላይም ቴሌግራም ላይም አትለጥፉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 40 የተከሰሰ ልጅ እንኳ ጥፋቱ በሕግ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ይላል።

ወላጆች ሆይ፣ ያልገዛችሁለት ዕቃ ቦርሳው ውስጥ ስታገኙ "ጓደኛዬ ሰጠኝ" በሚለው አትለፉ። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዕቃውን በገዛ እጁ ይመልስ። ተበልቶ ካለቀም ከኪስ ገንዘቡ ላይ ጥቂት ጥቂት እያለ ይክፈል፤ የእናንተ ኪስ ይቆይ።