«የሰጡትን ጣዕም ይይዛል» ያላችሁኝ ሰዎች የት ናችሁ?

ኧረ በናታችሁ፣ ስለ ቶፉ፣ ከአኩሪ አተር ስለሚሠራው ስለዚያ ነጭ ምግብ፣ አንድ ሰው እውነቱን ይናገር!

ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብለን ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ደግሞ ሽሮ። ልጆቹ ገና ድስቱን ሲያዩ ፊታቸው ይጨማደዳል። ለ55 ቀን እንዴት ይዘለቃል ብዬ ለሥራ ባልደረባዬ ባማክራት «ቶፉ ሞክሪ፣ የሰጠሽውን ጣዕም ነው የሚይዘው» አለችኝ። ቪዲዮዎቹም ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው። አመንኩ።

መጀመሪያ በካርቶን ያለውን፣ ፍሪጅ የማይፈልገውን ገዛሁ። «ውሃው እንዲወጣ ከባድ ነገር ጫኑበት» ስለተባለ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ተሸክሜ ያመጣሁትን ሙቀጫ ጫንኩበት። ሻወር ወስጄ ስመለስ ሙቀጫው ፎጣው ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ቶፉ ግን የለም። በፎጣው ዳርና ዳር አጥሚት መስሎ ወጥቷል። ለካ እሱ ለስላሳው ነው፤ ለሾርባና ለጣፋጭ እንጂ ለጥብስ የሚሆን አይደለም። ይህን የነገረኝ አለ? የለም!

ቀጥሎ ጠንካራውን፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚሸጠውን ገዛሁ። 400 ግራም ገደማ ነው፣ አብዛኛው ግን ውሃ። ብጨምቀው፣ ብጨምቀው ያው ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

እሱን ስጨምቅ እማዬ በቪዲዮ ደወለች።

«አንቺ! በሁዳዴ አይብ?»

«አይብ አይደለም እማዬ፣ የአኩሪ አተር ነው። ወተቱን ያወጡና በማግኒዚየም ክሎራይድ ወይም በካልሲየም ሰልፌት እንዲረጋ ያደርጉታል፣ ከዚያ ይጨምቁታል።»

«እና አይብ ነዋ!»

ምን ልበላት? አሠራሩን ካየን እውነቷን ነው። «አኩሪ አተሩን ቆልተሽ ሽሮው ላይ ብታስፈጪው አይሻልሽም?» ብላ ዘጋች።

እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ቆራርጬ በበርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በዘይት ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ጠዋት አንዱን ለሁለት ብሰነጥቀው ውጪው ቀይ፣ ውስጡ የሆስፒታል አንሶላ። ጣዕም ይይዛል የተባለው የቱ ጋ ነው? በኋላ ነው የገባኝ፤ ውስጡ በውሃ ተሞልቶ ዘይቱ በየት ይግባ?

ይባስ ብሎ ጥብሱ። ቶፉ ቡናማ እንዲሆን ኃይለኛ እሳት ይፈልጋል። በርበሬ ደግሞ በኃይለኛ እሳት ያርራል፤ ቀስ ብሎ መቁላላት ነው የሚወደው። ሁለቱን አንድ መጥበሻ ላይ አገናኘኋቸው። በርበሬው አረረ፣ የጭሱ ደወል ጮኸ፣ ሁላችንም ሳልን። ላገላብጠው ስል ቆዳው መጥበሻው ላይ ቀርቶ ሥጋው ብቻ ተነሳ። (ሥጋ ስል እንዲያው ለመጥሪያ ያህል ነው።) ጥብስ ብዬ የጀመርኩት ፍርፍር ሆኖ አረፈ።

በአራተኛው ሙከራ እንደምንም ተሳካ። ቆራርጦ በፈላ የጨው ውሃ ሩብ ሰዓት መንከር፣ ማድረቅ፣ የበቆሎ ስታርች ነስነስ አድርጎ ለብቻው መጥበስ፤ ቁሌቱን በሌላ ድስት ሠርቶ መጨረሻ ላይ ጨምሮ ማውረድ። ለዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜያለሁ፤ የሚታጠበውን ዕቃ ተዉት። ሽሮ በዚያ ሰዓት ስንቴ ይፈላል?

ባሌ ቀመሰና «ይጥማል» አለ። ትንሽ አኝኮ ደግሞ፣ «ዳቦ ነው?»

ልጆቹ ቁሌቱን በእንጀራ ጠራርገው በሉ፤ ቶፉውን ሰሃኑ ዳር ላይ ደርድረው ተዉት። ትንሿ ቀና ብላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እማ፣ ሽሮ የለም?»

አሁን ደግሞ ያቺው ባልደረባዬ «ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው፣ ሲቀልጥ እንደ ስፖንጅ ይሆንልሻል» ብላኝ አንዱን ከትቼዋለሁ። በረዶ ሆኖ፣ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ስፖንጅማ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ሞልቶኛል። እስከ ፋሲካ እዚያው ይተኛ።