ጥንቸሏን ለጎመኑ ስትሉ አርቧት

ሰሞኑን ማኅበራዊ ሚዲያ የከፈተ ሰው የጥንቸል ሒሳብ ሳያጋጥመው አይቀርም። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ አንዲት እናት ጥንቸል በአንዴ 8 ትወልዳለች፣ እርግዝናዋ 1 ወር ብቻ ስለሆነ በዓመት 6 ጊዜ ትወልዳለች፣ ስለዚህ 10 እናት ያለው ሰው በዓመት 480 ጥንቸል ይኖረዋል። ከዚያ በብር ማባዛት ነው። ከብዜቱ ሥር የጥንቸል እርባታ ሥልጠና ክፍያና "ምርጥ ዝርያ" የሚሸጥበት ስልክ ቁጥር ይከተላል።

ስለ እንስሳዋ የሚባለው ብዙ ውሸት የለበትም። ጥንቸል በ30 ወይም በ31 ቀን ትወልዳለች፤ ግልገሎቹም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጡት ይተዋሉ። ችግሩ ሒሳቡ ላይ ያልተጻፈው መስመር ነው። 480ውን ማን ይበላል?

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸል ከማይበሉት ተርታ ተቆጥራለች፤ ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም ተብላ። የተዋሕዶ ምእመን ይህን ቃል እንደ ድሮ ታሪክ አንብቦ አያልፈውም፣ ይጠብቀዋል እንጂ። በእስልምና አብዛኞቹ ሊቃውንት ይፈቅዷታል፤ የተፈቀደ ሁሉ ግን ማዕድ ላይ አይወጣም። ፕሮቴስታንቱም ቢሆን ከልጅነቱ ያልቀመሰውን ሥጋ ለበዓል አይገዛም። የቀረው ገበያ አንዳንድ ሆቴልና የውጭ ዜጋ ነው። እሱም ቢሆን በየወሩ አንድ ዓይነት መጠን፣ የታረደና የተመረመረ ሥጋ ይፈልጋል እንጂ በማዳበሪያ ከረጢት አዝሎ ለሚመጣ ሰው በሩን አይከፍትም። እናም "ዝርያ" የሚገዛው ሌላ ዝርያ ሻጭ ለመሆን ያሰበ ሰው ነው። ኬንያውያን በፈረንጆቹ 2013 እና 2014 በድርጭት የደረሰባቸው ይኸው ነበር። እንቁላሏ ለሁሉ በሽታ መድኃኒት ነው ተብሎ ዋጋው ሰማይ ነካ፣ ሁሉም አረባ፣ ከዚያ የሚበላው ጠፍቶ ገበያው በአንድ ጊዜ ወደቀ።

ይህን የምለው ጥንቸል አታርቡ ለማለት አይደለም። እኔም አረባለሁ፤ የማረባት ግን ለበጠጧ፣ ለኩሷ ማለቴ ነው።

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ በኩል ነው። የአካባቢው አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ ያወልቃል፣ በጋ ላይ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል። ሐምሌ ላይ ውሃ ቋጥሮ የጎመኑን ሥር ያበሰብሳል፣ የካቲት ላይ ደግሞ እንደ ጡብ ይደርቃል። ያለው መላ መደቡን ከፍ ማድረግና አፈሩን በብስባሽ ማላላት ነው። ብስባሹ ከየት ይመጣል? ዩሪያ በማኅበር በኩል ለገበሬ የሚታደል ነው፤ ቤቱ ጀርባ 4 መደብ ያለው ሰው በማንም መዝገብ ላይ የለም። የላም እበት የዛሬ አሥር ዓመት ከጎረቤት በነጻ ይገኝ ነበር። አሁን የላሞቹ ግጦሽ ኮንዶሚኒየም ሆኗል።

የጥንቸል በጠጥ ደረቅ ነው፣ በናይትሮጅንም ከላም እበት ይበልጣል። የዶሮ ኩስ ትኩስ ከሆነ ተክል ያቃጥላል፤ በጠጡ ግን ሳይከርም ጎመን ሥር ቢበተን አይጎዳም። ጥሬውን ለሚበላ ነገር፣ ለሰላጣና ለካሮት፣ መጀመሪያ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ማብላላት ይሻላል። ቤቷ ከመሬት ከፍ ብሎ ወለሉ የሽቦ ወንፊት ከሆነ በጠጡ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠዋት ጠዋት በአካፋ ማንሳት ብቻ ነው። ሽንቷ ግን ይከረፋል፣ ይህን ማንም ሠልጣኝ አይነገረውም። ከሥሩ ገለባ ካልተነጠፈና ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ ከጎረቤት ያጣላል።

በምላሹ የምትበላው የጓሮውን ትርፍ ነው። ጎመንና ቆስጣ ከታች ከታች እየተቀነጠሱ ለወራት ይበላሉ። የወየበው የታችኛው ቅጠል፣ የካሮቱ ጫፍ፣ ከመደቡ የታረመው ሣር የእሷ ድርሻ ነው፤ ትንሽ ፉርሽካ ይታከልበታል። የድንችና የቲማቲም ቅጠል ግን መርዝ ስላለው አይሰጣትም። ጤዛ ያለበት ሣርም ሆዷን ይነፋታል፤ አጭዶ ጠውለግ እስኪል መተው ነው። ዶሮ እያለ ጥንቸል ምን ያደርጋል ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ለመሸጥ ከሆነ ዶሮ ይሻላል፣ እንቁላል ሁሉም ይገዛል። ዶሮ ግን መኖ በብር ትበላለች፣ ከተለቀቀችም መደቡን ጭራ ትገለብጠዋለች።

ብርዱን ብዙ አትፈራም፤ የምትፈራው እርጥበት፣ ነፋስና ጉንዳን ነው። ጉንዳን በአንድ ሌሊት ግልገሎቹን ይጨርሳል፤ ስለዚህ የቤቷ አራት እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት በያዘ ጣሳ ውስጥ ይቆማል። ልትወልድ ስትል ከደረቷና ከሆዷ ፀጉሯን በአፏ እየነጨች ታነጥፋለች፤ ግልገሎቹ ራቁታቸውንና ዓይናቸውን ጨፍነው እዚያ ውስጥ ይወለዳሉ። በቀን አንዴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የምታጠባው። ይህን ያላወቀ ሰው ጥላቸዋለች ብሎ በየሰዓቱ ይነካካቸዋል።

ጎረቤቴ እማማ መጀመሪያ ያዩዋት ቀን "ልጄ፣ ደግሞ ይቺን ልትበላት ነው?" አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ድስቶቻችን ነበር። "ኧረ እማማ፣ እኔ የምበላው ጎመኑን ነው" አልኳቸው። አሁን ለጤና አዳማቸውና ለበሶብላቸው በጠጥ በፌስታል ይወስዳሉ፤ ቡናም አብረን እንጠጣለን።

ይህን ሁሉ ድካም ለእፍኝ ጎመን? ይባል ይሆናል። ሽንኩርትና ቲማቲም ከመቂና ከባቱ ይምጡ፣ በእነሱ ከዚያ አገር ገበሬ ጋር አልፎካከርም። ቅጠላ ቅጠል ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቀላል የማይባለው ክፍል በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚበቅል ነው። ወንዙ የከተማውን ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካውንና የሌሎችንም ዝቃጭ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ተመራማሪዎች ከ20 ዓመት በላይ በተለያየ ጊዜ በእነዚህ ቅጠሎች ላይ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ሲለኩ ኖረዋል። እነዚህ ማዕድናት በማጠብ አይለቁም፣ በመቀቀልም አይጠፉም። ገበሬውን መውቀስ አይቻልም፣ ያለው ውሃ እሱ ነው። ጉልት ላይ የተደረደረውን ጎመን ያየ ሰው ግን የትኛው ከየት እንደመጣ ማወቅ አይችልም። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ጎመን የሚቀርብበት ቤት ይህን ቢያስብበት አይገርመኝም።

እርግጥ ሁዳዴ የሚውለው በበጋ ነው፤ ያኔ ቧንቧው በፈረቃ ይመጣል፣ ጓሮውም የሚጠጣው ክረምት ላይ በሮቶ የተጠራቀመውንና አትክልት የታጠበበትን ውሃ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ አከራዩ መደብ እንዲሠራ ላይፈቅድ ይችላል። ለሁሉም የሚሆን ነገር አይደለም።

የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ኅዳር 2015 ዓ.ም አርባ ምንጭ ላይ ሲጀመር የያዘው ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ማርና ዓሣ ነበር። ሁሉም በሊትር፣ በኪሎና በቁጥር የሚለኩ ናቸው፣ ለሪፖርት ይመቻሉ። የአፈር መልማት ለሪፖርት አይመችም። ስለዚህ ጥንቸልም ወደ ከተማ ግብርና ዕቅድ ስትገባ በኪሎ ሥጋ ተሰልታ እንዳትገባ እሰጋለሁ። የከተማው ዳር ነዋሪ የሚጠቅመው ሁለት ወይም ሦስት ጥንቸል፣ ደህና የሽቦ ቤትና ብስባሽ አሠራር የሚያሳይ የግብርና ባለሙያ ነው። ወንድና ሴቷ ተለያይተው ቢቀመጡ መራባቱም በልክ ይሆናል፤ የሚተርፈውን የሚበላ ወዳጅ ይወስዳል።

ለሥራ አጥ ወጣቶች በብድር 50 እና 100 ጥንቸል ለማከፋፈል ያሰበ ወረዳ ካለ ግን፣ ወጣቶቹ ውል ከመፈረማቸው በፊት የሥጋውን ገዢ ስም፣ በወር የሚወስደውን መጠንና የሚታረድበትን ቦታ በጽሑፍ ያሳያቸው።