ጥናት ከውሳኔ ይቅደም፤ በተለይ በከተማዋ ዳርቻ

በአዲስ አበባ ዳርቻ አንድ የኮንዶሚኒየም ሕንጻ ከመቆሙ በፊት አፈሩ ይመረመራል። በአቃቂም ሆነ በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለው ጥቁር መሬት ክረምት ሲገባ የሚያብጥ፣ በጋ ሲሆን የሚሰነጣጠቅ በመሆኑ፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ገብቶ የመሸከም አቅሙ ሳይታወቅ መሠረት የሚያስቆፍር መሐንዲስ አይገኝም። በዚያው መሬት ላይ ጤፍና ስንዴ ሲያመርት የኖረው ገበሬ ካሳውን ከተቀበለ በኋላ በምን እንደሚተዳደር፣ ከመሀል ከተማ ዕጣ ደርሶት የሚመጣው ነዋሪስ ሐዘን ሲደርስበት የለቅሶ ድንኳኑን የት እንደሚተክል ግን በዚሁ ጥንቃቄ ሲጠና አላየሁም። የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር በአገራችን ፈጽሞ ጠፍቶ አይደለም፤ ችግሩ ተራው ሁልጊዜ ከውሳኔው በኋላ መሆኑ ነው።

የካሳውን ጉዳይ እንውሰድ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ባለይዞታ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ እንዲከፈለው ይደነግግ ነበር። በ2011 ዓ.ም. እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ስሌቱን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ አንሥቶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ማሻሻያው ተገቢ ነው። ሆኖም ማባዣው ምንም ያህል ቢያድግ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ብር የገባበት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን አይነግረንም። የባንክ ደብተሩ በማን ስም ወጣ? ሚስቲቱ በአወጣጡ ላይ ትጠየቃለች ወይ? በስሙ መሬት ያልነበረው፣ ከአባቱ ጋር ሲያርስ ያደገው ወጣት ምን ይዞ ቀረ? ይህን ሊያውቅ የሚችለው ወደዚያ ቤት ለዓመታት የተመላለሰ አጥኚ ነው። እንዲህ ያሉ ጥናቶች በስድስት ኪሎ ለዲግሪ ማሟያ ተጽፈዋል፤ ከመመረቂያው ቀን አልፎ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የደረሰው ግን እምብዛም ነው።

የዚህ ዋጋ በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ለማቀናጀት የተዘጋጀው ማስተር ፕላን፣ የሰው ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ቅሬታው ሲጠራቀም የከረመው በየገበሬው ቤት ነበር፤ ቀድሞ የጠየቀ ይሰማው ነበር።

ሌላው ቀርቶ የምንመካበት ቁጥር አርጅቷል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ የኮዬ ፈጬና የቱሉ ዲምቱ ሕንጻዎች የቆሙበት ቦታ ያኔ በአብዛኛው የእርሻ ማሳ ነበር። ቁጥር ብቻውንም አይበቃም። በቱሉ ዲምቱ አንድ መረጃ ሰብሳቢ ወጣት በር ላይ ቆሞ አንዲትን እናት በትራንስፖርቱ ምን ያህል እንደሚረኩ ሲጠይቃቸው ሰምቻለሁ። «ተመስገን ነው ልጄ» አሉት፤ እሱም «እረካለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ቡና ተፈልቶ ስለነበር ግባ ብለውት ነበር። ቢገባ ኖሮ ልጃቸው መገናኛ ያለው ሥራዋ ላይ በሰዓቱ ለመድረስ ገና ሳይነጋ እንደምትወጣ፣ ሲመሽባት ደግሞ ከታክሲ መውረጃው የሚቀበላት ሰው ካልተገኘ ቤቱ ሁሉ እንደሚጨነቅ ይነግሩት ነበር። ወጣቱን አልወቅሰውም፤ የሚከፈለው በሞላቸው ቅጾች ብዛት ነው።

የንግዱ ዓለምም ከዚህ ዕውቀት ርቆ መኖሩ ይጎዳዋል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ከአምስት ድርጅቶች ጋር ሆነው ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ አመልካቾችን በዕጣ ለሦስት ከፈሉ፤ ለአንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ፣ ለሌላው 300 ዶላር ከንግድ ሥልጠና ጋር ሲሰጥ፣ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ብዙ ሳይቆዩ ለቀቁ፤ ገቢያቸው ከሌላው እምብዛም ሳይሻል ከባድ የጤና ችግር ጨመረባቸው። ገንዘቡንና ሥልጠናውን ያገኙት ግን በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በ33 በመቶ አደገ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠየቁ ደግሞ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ተገኘ። በቦሌ ለሚም ሆነ በሌላ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ አልበረክት ያለው ሥራ አስኪያጅ «የሥራ ባህል የላቸውም» ከማለቱ በፊት ይህን ሊያነብ ይገባል፤ በአንድ ዙር ጥናት ፖሊሲ የሚነድፍ ባለሥልጣንም እንዲሁ።

በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የዩኒቨርሲቲዎቻችን ተልእኮ ማስተማር ብቻ ሳይሆን ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎትም ነው። ተማሪዎችን 70 በመቶ ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ የመደበው የቀድሞ ፖሊሲ ግን ማኅበራዊ ሳይንስን እንደ ትርፍ ነገር የማየት ልማድ ያጠናከረ ይመስለኛል። ያ ልማድ ዛሬም አልለቀቀንም።

አሁን ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ዳርቻው ሰፈሮች ገብተዋል። ጉሊት ትቸረችር የነበረችው ደንበኞቿን፣ ሽማግሌው እድራቸውን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤታቸውን ትተው መጥተዋል። የዛሬ ኑሯቸው ዛሬ ካልተመዘገበ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ አጥኚ የሚያነጻጽርበት ነገር አይኖረውም። ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ከግንባታ በጀቱ ጥቂቱን ለዚህ ሥራ ይመድብ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ዓመት ከዓመት ወደ እነዚህ ሰፈሮች ይላኩ። ውጤቱም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ በወረዳው አዳራሽና በእድር ስብሰባ ይነበብ፤ ነዋሪው «ይኼ እንዲህ አይደለም» ብሎ የሚያርመው ይኖራል፤ ዲግሪውም ከዚያ እርማት በኋላ ቢሰጥ አይዘገይም።