የቡሽ መንቀያው

ባለፈው እሑድ አማቴ ከመሃል ሜዳ መጡ። ሰኔ ነው። ደብረ ብርሃን በሰኔ ምን እንደምትመስል ለሚያውቃት አይነገርም። በዚህ ብርድ ለመጣ እንግዳ የሚያሞቅ ነገር ይቀርባል። ቤት ውስጥ የነበረው ግን በፋሲካ ተከፍቶ ግማሹ የቀረ ቀይ ወይን ብቻ ነው። ቡፌው ላይ፣ በቴሌቪዥኑና በፕላስቲክ አበባው መሃል ተሰይሞ ሁለት ወር ኖሯል። አፉ ላይ ሶፍት ተወትፏል። በሶፍቱ ላይ ፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ ላስቲክ። እኔ የታሸገ መስሎኝ ነበር።

ቀዳሁላቸው። አማተቡና አንድ ጉንጭ ወሰዱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ብርጭቆውን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ መለሱና፣

"ልጄ፣ በስቅለት ለጌታችን ያቀመሱት ይሄንን ነው እንዴ?" አሉኝ።

ባለቤቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቀመስኩት። እውነታቸውን ነው፤ አቼቶ ሆኗል።

በጠርሙሱ አይፈረድም። 750 ሚሊ ሊትር ከሚይዝ ጠርሙስ ግማሹ ከተጠጣ፣ የጎደለውን ቦታ የሚሞላው አየር ነው። አየር ሲያገኙ የወይኑን አልኮል ወደ አሴቲክ አሲድ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አቼቶን የሚያኮመጥጠውም ይኸው አሲድ ነው። ሙቀት ያፋጥናቸዋል፣ ቅዝቃዜ ያዘገያቸዋል። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለች፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ ተቀምጬ ቅዝቃዜ አጣሁ ልበል? ፍሪጅ ስገዛ ሰፈርተኛው "ብርድ በገንዘቡ ገዝቶ ገባ" ብሎ ስቆብኛል። ያ ፍሪጅ ዛሬ ቅቤ፣ አዋዜና ጊዜው ያለፈበት የዓይን ጠብታ ያቀዘቅዛል። ወይኑ ግን በቤቱ ውስጥ ሞቅ የሚል አንድ ቦታ ቢኖር እሱ ጋ፣ ቴሌቪዥኑ ጎን ይቆማል። ለምን? ጠርሙሱ ያምራላ!

አማቴ ቤት ጠላ ሲተርፍ አይቻለሁ። ግን ወራሽ አለው። ገና ጉሽ እያለ የሚቀምሰው አለ። ሲጠራ ለእንግዳ ይቀዳል። እሱ ሲያልቅ ውሃ ይጨመርበትና ቅራሪ ይወጣል። አተላው ደግሞ ለሚቀለበው በግ ነው። በጉ ይሰባና ለበዓል ይታረዳል። ጠላ ሆኖ ከጋን የወጣው ጥብስ ሆኖ ገበታ ላይ ይመለሳል። ወይን ግን እኛ ቤት ወራሽ የለውም። አይጠጣም፣ አይደፋም። "ለእንግዳ ይሁን" ይባልና ይቀመጣል። እንግዳው ሲመጣ ደግሞ የሆነውን አያችሁ።

ሳይደፈርስ አይጠራም። ይሄን ተረት እወደዋለሁ። ከባለቤቴ ጋር በተጋጨን ቁጥር እጠቅሰዋለሁ። የማደፈርሰው እኔ፣ የምታጠራው እሷ ብትሆንም። ለጠላ ይሠራል፣ ለምንጭ ይሠራል፣ ለትዳርም ይሠራል። ለወይን ግን አልሠራም። ጠርሙሱን ከመቅዳቴ በፊት ወደ መስኮቱ አንስቼ አይቼዋለሁ። ጥርት ያለ ነበር። ጥርት እንዳለ ነው የተበላሸው። ከእንግዲህ ጥርት ያለ ነገር አላምንም።

ጥርት ካለ አይቀር ደግሞ እንደ ጎረቤቴ ፊት ጥርት ያለ አላየሁም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሶፍቱ ለምን ተወተፈ? ቡሹ ጠርሙሱ ውስጥ ስለገባ። ቡሹ ለምን ገባ? በማማሰያ እጀታ ስለገፋሁት። በማማሰያ ለምን ገፋሁት? የቡሽ መንቀያችንን ጎረቤቴ ስለወሰደው። የወሰደው ለልጁ ክርስትና ነው። "ለዛሬ ብቻ" ብሎ። ልጁ ዘንድሮ ሦስት ዓመት ሞላው። ይሮጣል፣ ይሳደባል፣ በራችንን በድንጋይ ይመታል። መንቀያው ግን አልተመለሰም።

አገራችን ውስጥ ዕቃ የተዋሰ ሰው አያፍርም። የሚያፍረው ያዋሰው ነው። ስንት ጊዜ ልጠይቀው ወጥቼ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመልሻለሁ! "ለአንዲት መንቀያ ብሎ" እንዳልባል። ሙቀጫችንም እንዲህ ነው የቀረው፤ እሱ ሌላ ቤት ነው፣ ዛሬ አላነሳውም። የሚያበግነኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ በፋሲካ ጎረቤቴ እኛ ቤት ነበር። ወይኑን በማማሰያ ስታገል፣ ቡሹ ሲሰምጥና ወይኑ ሸሚዜ ላይ ሲፈናጠር ጋቢውን ተከናንቦ ያየኛል። አየኝ፣ አየኝና፣

"መንቀያ የላችሁም እንዴ?" አለ።

ከልቡ ነው ያለው። ረስቶታል! አለመመለሱ ይቅር፣ የማን እንደሆነም ረስቶታል። እኔ ምን አልኩ? "ጠፋብን" አልኩ። ይሄን ቃል በአፌ ተናግሬ ቀዳሁለት። ሁለት ብርጭቆ ጠጣ። ያንኑ ያህል ቢደግም ኖሮ ለአማቴ የሚተርፍ አይኖርም ነበር፤ በዚህም ተቀይሜዋለሁ።

ለማንኛውም፣ ወይን የተረፋችሁ እንደሆነ ያኔውኑ፣ እንግዳው ጫማውን ሳያስር፣ ለተረፈው ልክ የሚሆን ትንሽ ሃይላንድ አጥባችሁ እስከ አንገቱ ሙሉበት። አየር የሚገባበት ቦታ አይኑር። ክዳኑን አጥብቃችሁ ፍሪጅ አስገቡትና በሦስት፣ በአራት ቀን ጨርሱት። ካልጨረሳችሁት ጥብስ ላይ ጠብ አድርጉት፣ ወይ አዋዜ በጥብጡበት። አዋዜ በጠጅም በአረቄም ይበጠበጣል፤ በወይን ቢበጠበጥ የሚከሳችሁ የለም። የእኛን አቼቶ ባለቤቴ ሰላጣ ላይ አደረገችው። አማቴ ሁለቴ አስጨመሩ።

ማታ ልጄን ጎረቤት ላክሁት። ለራሴ አፍሬ ነው፤ ልጅ አያፍርም። መንቀያውን ይዞ መጣ። ዝጓል።

"ምን አሉህ?" አልኩት።

"ስትጨርሱ ቶሎ መልሱልኝ አሉ።"