«ቡክማርክ አድርጉት» ብሎ መልስ የለም

ሰሞኑን ስለ ኢንተርኔት ደኅንነት በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ፣ ተጠቃሚውን በሚሰውረው የቶር መረብ ውስጥ ያሉ ድረ ገጾች የሚከፈቱበት የኦኒየን አድራሻ ረዘመብን፣ ማስታወስ አቃተን የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከመድረኩ የመጣው መልስ ይህ ነበር፦ «ርዝመቱ የደኅንነት ዋጋ ነው። ማስታወስ ያቃተው ቡክማርክ ያድርገው፤ እሱም ከከበደው ቶር ለእሱ አልተሠራም።» አዳራሹ ሳቀ። እኔን ሳቅ አልመጣኝም።

አድራሻው 56 ምልክት ነው። የላቲን ፊደላትና ከ2 እስከ 7 ያሉት ቁጥሮች ያለ ትርጉም፣ ያለ ዜማ ተደባልቀው። እስከ እ.ኤ.አ. 2021 ይሠራ የነበረው አሮጌው 16 ብቻ ነበር፤ እሱንም በቃሉ የያዘ ሰው ብርቅ ነው። አሮጌው የምስጠራ ቁልፉ ደካማ ስለነበር መሻሩ አግባብ ነው። አድራሻው ራሱ ቁልፍ ሆኖ፣ ሰርቨሩ «እኔ ነኝ» ሲል ያለ ሦስተኛ ወገን ምስክርነት መታመኑም ድንቅ ሥራ ነው። ይህን ያህል ሰጥቻለሁ፤ ከዚህ በላይ አልሰጥም።

«ርዝመቱ የደኅንነት ዋጋ ነው» የሚለው ለሒሳቡ እውነት ነው፤ ለሰው ዓይን ግን ቀልድ ነው። 56ቱን አንድ በአንድ የሚያነብ ማን አለ? ሰው የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ያያል፣ መጨረሻውን ገረፍ አድርጎ ያልፋል። አጭበርባሪውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ምልክቶች የሚመሳሰል አድራሻ ለመፍጠር በአማካይ አንድ ቢሊዮን ያህል ቁልፍ መሞከር ይበቃል፤ ለዚሁ ተብሎ የተጻፈ ነፃ ፕሮግራም በተራ ኮምፒውተር ላይ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። መጨረሻውን አይቼ እለያለሁ ለሚለውማ ወዮለት! የዛሬው አድራሻ ሁሉ፣ የእውነተኛውም የሐሰተኛውም፣ የሚያልቀው በላቲኑ «d» ነው፤ የሥሪት ቁጥሩ የተቀመጠው እዚያ ነውና። ውስጡ ያለው፣ ከአድራሻው ከራሱ የሚሰላው የማረጋገጫ ድምርም የሚይዘው የትየባ ስህተትን እንጂ አስመሳይን አይደለም። አስመሳዩም የራሱ ትክክለኛ ድምር አለው።

አሁን ወደዚያ ወደ ተሳቀበት ቡክማርክ እንምጣ። ወደ መረቡ የሚገባበት ቶር ብሮውዘር ሲዘጋ ኩኪውንም የጎበኛችሁትንም ገጽ ሁሉ ይሰርዛል። ከፍላሽ የሚነሣው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቴይልስ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ካልተነገረው በቀር ምንም አያስታውስም። ይህ ሁሉ የተለፋው ለምንድን ነው? መሣሪያው ባልተፈለገ እጅ ቢገባ አንድም ቃል እንዳይተነፍስ ነው። የእኛ ባለሙያ ታዲያ ምን መከሩ? የምትሄድበትን ቦታ ስም ጽፈህ እዚያው መሣሪያ ላይ አስቀምጥ! ብሮውዘሩ ሲዘጋ ከማይጠፉት ጥቂት ነገሮች አንዱ እኮ ቡክማርክ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ገመና ለጋዜጠኛ ሊያደርስ የተነሣ ሠራተኛ፣ ከሚደበድባት ባል ጋር አንድ ኮምፒውተር የምትጋራ ሴት፣ ላፕቶፑ ድንበር ላይ የሚፈተሽበት መንገደኛ፣ እነዚህ ናቸው «ቡክማርክ አድርጉት» የሚባሉት። ቴይልስ ላይ የተመሰጠረ ቋሚ ማከማቻ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ፍላሹን የያዘ ሰው ግን ማከማቻው መኖሩን ያያል፤ ቀጥሎ የሚጠይቀው የይለፍ ቃሉን ነው። ሰውየውን ሰውረን ስናበቃ የሚከሰስበትን ማስረጃ በገዛ እጁ ጻፍ እንለዋለን፤ እምቢ ካለ ደግሞ ሰነፍ ተጠቃሚ ይባላል።

ደግሞስ ቡክማርክ የሚደረገው የተገኘ ነገር አይደለም? መጀመሪያ አድራሻው ከየት መጣ? ማን እንደሚያዘምናቸው ከማይታወቁ የአድራሻ ዝርዝሮች ከሆነ፣ አንዲት መስመር የቀየረ ሌባ ሰውየው ሐሰተኛውን በቡክማርክ ለዘለቄታው እንዲይዝ አድርጎታል። ከድጡ ወደ ማጡ። ይህ የእኔ ቅዠት ብቻ አይደለም፤ በ2018 በዩዝኒክስ የደኅንነት ጉባኤ የቀረበ ጥናት 517 ሰዎችን ጠይቆ፣ የኦኒየን አድራሻ ማግኘትና እውነተኛነቱን መለየት ተጠቃሚዎችን እንደሚያስቸግር አሳይቷል። ሁሉም ሰነፎች ይሆኑ?

መፍትሔው ደግሞ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። በጁን 2020 ቶር ብሮውዘር 9.5 ሲወጣ፣ ምንጮች ሰነድ በስውር የሚያደርሱበትን ሴኪዩርድሮፕን ለሚጠቀሙ ጥቂት የዜና ተቋማት በሰው ቋንቋ የሚነበብ አጭር ስም ተሰጥቶ ነበር። ስሙን ከረጅሙ አድራሻ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በብሮውዘሩ ውስጥ ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ በሁሉም ሰው ኮምፒውተር ላይ አንድ ነው። ልብ በሉ፦ በሁሉም ቤት ያለ ዝርዝር በማንም ላይ አይመሰክርም። ቡክማርክ የአንድን ሰው ፍላጎት ሲያጋልጥ ይህ ዝርዝር ማንንም አይነካም። ሰውየው በጭንቅላቱ የሚይዘው የአንድ ጋዜጣ ስም ብቻ ነው። ይህን ወደ ሌላው ዘርፍ ከማስፋት የከለከለን ስንፍና እንጂ ሳይንስ አይደለም።

እዚህ ላይ «የዙኮ ሦስት ማዕዘን» ይመዘዝብኛል፤ ከ2001 ጀምሮ ክርክር መዝጊያ ሆኗልና። ለሰው የሚገባ፣ ሊጭበረበር የማይችል፣ ማእከል የሌለው፤ ሦስቱን ባንድ ስም አታገኝም ይላል። ይሁን! እኔ የጠየቅሁት ለዓለም ሁሉ አንድ የስም ንጉሥ አይደለም። ዝርዝሮቹ ብዙ ይሁኑ፣ እያንዳንዱን አዘጋጁ ይፈርምበት፣ ማንን እንደማምን እኔ ልምረጥ። አይቱፒ የተባለው ሌላው ስውር መረብ ከአድራሻ ደብተርና ከአጫጭር ስሞች ጋር ስንት ዓመት ኖሯል፤ እንከኑ ብዙ ነው፣ ግን ለተጠቃሚው «አንተን አላሰብንም» አላለውም።

እኚያው ተናጋሪ ንግግራቸውን ሲጨርሱ የራሳቸውን የኦኒየን አድራሻ በስክሪኑ ላይ አሳዩን። በኪውአር ኮድ ነበር።